ሰባ ስምንት ብዬ የጻፍኩለት

መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና ነው። ፊደሌ ይንጋደዳል፤ ታዲያ የምጽፈው ስለ ባለቤቴ ሌላ የሚጽፍ ስለሌለ ነው።

ልብስ ሰፊ ነበር። ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣውን ገና ከበሩ አይቶት፣ «አንተ፣ ወገብህ ሁለት ጣት ጨምሯል፤ ሚስትህን አመስግንልኝ» ይለዋል። ሲለካው እውነትም ሁለት ጣት ነው። እኔ አጠገቡ ቁልፍ እተክላለሁ። የምንኖረው ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ የስፌት መኪናው ሲሠራ ቤታችን መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ።

አንድ ቀን መቀሱ ወደቀበት። ላንሳ ብሎ ጎንበስ ሲል እሱም ወደቀ። ሐኪም ቤት ደረቱ ላይ ሽቦ አድርገው አዩትና ሐኪሙ፣ «አሪትሚያ ይባላል፤ የልብ ምት መዛባት ነው» አለን። መድኃኒት አዘዘለት። ነርሷ ደግሞ ደብተር ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት የእጁን አንጓ ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

«ከመቶ ከበለጠ ወይ ከሃምሳ ካነሰ ቶሎ ይዘሽው ነይ። ገባሽ እናቴ?» አለችኝ።

«ገባኝ» አልኩ። መዛባት ያሉትን ቢደግሙልኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፣ አፈርኩ።

ስንወጣ እሱ ይስቃል። «ስንቱን ሰው ስለካ ኖሬ፣ እኔም ተለኪ ሆንኩ!»

ከዚያ ወዲያ መኪናው ላይ ሳይቀመጥ እጁን ይሰጠኛል። እኔ የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ እቆጥራለሁ። ሁለቴ ይመታል፣ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሦስቱ ተከታትለው ይመጣሉ። ጣቴ ሥር በየቀኑ እንዲያ ነው። ግን ሲደመር ሰባ ሁለት፣ ሰባ አምስት ነው። የተባልኩት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሐሙስ ዝምታው ረዘመብኝ። ቀና ብዬ ዓይኑን አየሁት።

«ምነው፣ ሞቼ ነው እንዴ?» አለኝ።

«ቆይ፣ አታስቀኝ፣ ይጠፋብኛል።»

«ስንት ሆነ?»

«ሰባ ስምንት።»

«ደህና ነኛ?»

«ደህና ነህ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

ወደ ሱቁ ሄዶ የአንድ አስተማሪ ሱሪ ጀመረ። እኔ ቁልፌን ይዤ ከጀርባ ቤት ቀረሁ። ብርጭቆዎቹ ሲንጫጩ ሰማሁ፤ ከዚያ ተዉ። ክር ሊቀይር ነው ብዬ ቁልፌን ተከልኩ። ሌላም ቁልፍ ተከልኩ። ስደርስ ግንባሩን ጨርቁ ላይ አስደግፎ፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ ነበር። የሱሪው አንዱ እግር ተዘምዝሟል።

ለቅሶው ሲያልፍ ደብተሩን ልመልስ ሄድኩ። ነርሷ ቁጥሮቹን አየች።

«ምቱ ይዘል ነበር እንዴ እናቴ?»

«አዎ።»

«አንዳንዴ?»

«ሁልጊዜ። ሐሙስ ባሰበት።»

ደብተሩን ዘጋችው። «አሪትሚያ ማለት እሱ እኮ ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖም ምቱ ሥርዓት ሊያጣ ይችላል። ሲብስበት ነይ ማለት ነበረብኝ። ሳልነግርሽ ቀረሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። አንቺ አይደለሽም ልላት ነበር፤ እጄን ለደብተሩ ዘረጋሁ።

ደብተሩን መልሼ ይዤው መጣሁ። መኪናው ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ጨርቅ በሚያሰምርበት እርሳስ ከየቁጥሩ ጎን «ይዘላል» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ሦስት ቀን ነው፣ ሃያ ሦስቴ ጻፍኩት። የሐሙሱ ጋ ስደርስ ሰባ ስምንቱን ልሰርዘው ነበር። እጁን ይዤ የቆጠርኩት የመጨረሻው ስለሆነ ተውኩት።