የማርሊስ አውራ ጣት

ማርሊስ ቶርቫልድሰን የማይታይ ነገር መከታተል የለመደችው በልጅነቷ ነው። አባቷ በክረምት ከዊኒፔግ ሐይቅ በረዶ ሥር መረብ ሲዘረጉ፣ የመረቡን ገመድ እየጎተተ ከበረዶው ሥር እያንኳኳ የሚሄደውን ሳንቃ ድምፅ እየሰማች ከላይ የምትከተለው እሷ ነበረች። «እዚህ ጋ ነው» ብላ የቆመችበት ሲቆፈር ሳንቃው ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የጀመረችውን ነገር መተው አታውቅም።

እህቷ ሶልቬግ ድባቴ ጥሏት ከአልጋ መውረድ ባቃታት ጊዜ፣ ሐኪሞች ግንባሯ ላይ ጥቅል ሽቦ አስደግፈው አንጎሏን በማግኔት ምት ሲቀሰቅሱት ከረሙና ተነሳች። ዘመድ አዝማዱ ግን «ማግኔት ደግሞ ሰው ያድናል? ራሷ በርትታ ነው» አለ። ሶልቬግ ስቃ አለፈችው፤ የማርሊስ ቆሽት አረረ። ምቱ ሐዘን የሚብላላበት የአንጎል ጥልቅ ቦታ ድረስ መውረዱን በዓይኗ ካላየች እንደማታርፍ ለራሷ ነገረች። ሰው ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ተኝቶ ምቱ ሲያርፍበት አንጎሉን በምስል ማንሳት ሥራዋ ሆነ።

ዓመታት ነጎዱ፤ ምስሉ ላይ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። አለቃዋ ፕሮፌሰር ዴሮዚዬም ታከታቸው።

«ማርሊስ እናቴ፣ ምቱ ከግንባር አያልፍም። ማሽኑ ላይ ያለንን የሐሙስ ሰዓት ለልብ ተመራማሪዎቹ ልሰጣቸው ነው።»

«አንድ ሐሙስ ብቻ ይተዉልኝ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«እኔው ልተኛበት።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም። ፕሮፌሰሩ ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቁ። «ከታየሽ ይችን ጢም እላጫታለሁ። ሚስቴ ስትለምነኝ የኖረችውን።»

የቤተ ሙከራው ደንብ እንዲህ ነው። ተመርማሪው በመጀመሪያ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣትን የሚያዘው የአንጎል ቦታ ይመታለታል። ጣቱን ብድግ ያደረገው ኃይል የሰውየው ልክ ተብሎ ይያዝና፣ ማሽኑ ውስጥም ግንባሩ በዚያው ልክ ይመታል። ጣት ከዘለለ በኋላ ማን ምን ይጠይቃል?

ሐሙስ ዕለት የማርሊስ ጣት ወንበሩ ላይ በደንብ ዘለለ። ማሽኑ ውስጥ ስትተኛ ግን ወደ ግንባር ከመሄዳቸው በፊት የጣቱ ቦታ እንደገና እንዲመታ ጠየቀች። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኬልቪን ድምፁ በድምፅ ማጉያው መጣ።

«መታሁ።»

ጣቷ ንቅንቅ አላለም።

«ምታ እንጂ ኬልቪን።»

«እየመታሁ እኮ ነው። ቋ ቋ ሲል አይሰማሽም?»

ይሰማታል። ሳንቃው ያንኳኳል፣ ገመዱ ግን አይሄድም። ገመዱ ስትል የጥቅል ሽቦው ገመድ ትዝ አላት። ወንበሩ ጋ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ ክንድ ቢሆን ነው፤ የዚህኛው ግን ከወዲያኛው ክፍል ተነስቶ፣ ግድግዳ አቋርጦ ነው የሚመጣው። ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

«ኬልቪን፣ የምንለካው በአጭሩ ገመድ፣ የምንመታው በረጅሙ ነው።»

«ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ይህን ሁሉ ዓመት።»

«ልታለቅሺ ከሆነ ጭንቅላትሽን ሳታንቀሳቅሺ።»

አላለቀሰችም። «ቀስ እያልክ ጨምር» አለችው። ጨመረ፤ ጨመረ፤ ጣቷ ብድግ አለ። ከዚያ ጥቅል ሽቦውን ወደ ግንባሯ አዞሩት።

ስትወጣ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምስሉ ላይ አፍጥጠዋል። ግንባሯ ሥር ደምቋል፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ደግሞ፣ ስትፈልገው የኖረችው ቦታ በርቷል። ምቱ ሲቆም ይደበዝዛል፤ ሲመለስ ይደምቃል። ማርሊስ ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አንድ ሰው ነው ገና» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ዓይናቸውን ግን ከምስሉ አላነሱም። «ሐሙሶቹ ያንቺ ናቸው።»

በተከታዮቹ ሐሙሶች ሌሎች ሰዎች ማሽኑ ውስጥ እንዳሉ ልካቸው ተወሰደ፤ የእነሱም አንጎል እዚያው ቦታ ላይ በራ። ፕሮፌሰሩ አንድ ቀን ጢማቸውን ተላጭተው መጡ፤ ኬልቪን እንዳላወቃቸው ሆኖ «ማንን ፈልገው ነው ጌታዬ?» አላቸው።

ማርሊስ ያን እሑድ ለእህቷ ደወለች።

«ሶልቬግ፣ አየሁት። እስከ ታች ይወርዳል።»

«እኔማ ከአልጋዬ የወረድኩ ቀን አውቄዋለሁ» አለች ሶልቬግ። «ለእኔ አትንገሪኝ። ዘመዶቻችን በሙሉ እዚህ ኬክ እየበሉ ነው፤ ስልኩን መሀላቸው አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።»

ማርሊስ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራቸው ጀመር።