በሐጂ ሸምሱ ስልክ የተመሰከረልኝ ቀን

ይህ የሆነው ሞባይል ገና የጥቂት ሰዎች ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ እኔም መርካቶ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ዛሬም ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ስልክ ሲጮህ ከሰማሁ ያቺ ቀን ትዝ ትለኛለች። ያኔ በፍርሃት ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ አሁን ግን ብቻዬን እስቃለሁ።

የተወለድኩት ደብረ ታቦር ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት ከአንዲት የሰፈሬ ልጅ ጋር ሲሆን፣ እሷ አግብታ ስትሄድ አብነት አካባቢ በተከራየናት ክፍል ብቻዬን ቀረሁ። በከተማው ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። የነበሩኝ ፈጣሪዬና ጥንቃቄዬ ናቸው። በጥንቃቄዬ ሰው ሁሉ ይስቅብኝ ነበር፤ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን ካልነካሁት አልሄድም።

አሠሪዬ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ጾምና በዓል አክባሪ፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ቁጡ ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው አውቶቡስ ተራ ድረስ የሚሰማ ይመስላል። ፊት ለፊታችን የብርድ ልብስ ጅምላ ሻጩ ሐጂ ሸምሱ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ሲናገሩ ጆሮ መጣል ያስፈልጋል። ሁለቱ የቆዩ ወዳጆች ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከመጥበቡ የተነሳ ተሸካሚ ጭኖ ሲያልፍ ሁላችንም ወደ ሱቃችን እንገባለን።

ማታ ማታ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እማር ነበር። ስጨርስ በድብቅ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ መድኃኒት አስመጪ ድርጅት ፈተና ፈተነኝና አለፍኩ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የአስተዳደር ኃላፊዋ፣ “እንግዲህ ስለ ሥራሽ የምንጠይቀው ሰው ስጪን፤ አሠሪሽ ቢሆኑ ይመረጣል” አለችኝ።

ክው አልኩ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሰናይት ሌላ ሱቅ ሥራ መጠየቋን ጋሽ ወልዴ ሰምተው፣ “ልብሽ ከሄደ እግርሽ እዚህ ምን ይሠራል?” ብለው የዚያኑ ዕለት አሰናብተዋታል። እኔም እንደዚያ ከሆንኩ፣ አዲሱም ሥራ ካልተሳካ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ ማን ነው?

ለኃላፊዋ እውነቱን ነገርኳት። “አሠሪዬ አያውቁም። ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ እባክሽ እሳቸው ጋ አትደውይ” አልኳት። ደግነቱ፣ ገባት። “እሺ፣ እንግዲያው ሥራሽን በቅርብ የሚያውቅ ሌላ ሰው” አለች።

ሥራዬን በቅርብ የሚያውቁት ሐጂ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ለምሳ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠብቄ ወደ ሐጂ ተሻገርኩና ጉዳዬን ነገርኳቸው። ፂማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

“ልጄ፣ ይደውሉ፤ የማውቀውን እናገራለሁ” አሉኝ። “ወልዴ ሳይጠይቀኝ ሄጄ አልነግረውም። ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።”

“አይጠይቁዎትም፣ ሐጂ” አልኩ። ሁሉን አስቤበታለኋ!

ለኃላፊዋ የሐጂን ሱቅ ስልክ ቁጥር ሰጠኋትና፣ “ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደውይ” አልኳት። ጋሽ ወልዴ ምሳ የሚወጡበት ሰዓት ነው። “ነገውኑ እደውላለሁ” አለች። ሲመሽ ተክለ ሃይማኖት ደጅ ሄጄ ጧፍ አበራሁ። ያን ሌሊት በጥንቃቄዬ ኮርቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል ሐጂ ውዱእ አድርገው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ መስጊድ ሄዱ። ጋሽ ወልዴም ተነሡ። ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። መንገዱን ተሻገሩና ሐጂ ሱቅ ገብተው የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጡ።

ዓርብ ነው!

ዓርብ ሐጂ ጁምዓ ይሄዳሉ። ዓርብ ጋሽ ወልዴ ጾመኛ ስለሆኑ ምሳ አይወጡም፤ የሐጂን ሱቅ ይጠብቃሉ። የሚካኤል ለት ደግሞ ሐጂ የእኛን ይጠብቃሉ። ጠባቂው ይሸጣል፣ ያስረክባል፣ ስልክ ያነሳል። እኔ ይህን በየሳምንቱ የማየው ሰው ነኝ። ያን ዕለት ጠዋትም ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። አፌ ዓርብን እየጾመ ጭንቅላቴ ረስቶታል።

በእኛ ስልክ ብደውል ጋሽ ወልዴ ይሰሙኛል፤ ሮጬ ሌላ ስልክ ፈልጌ ኃላፊዋን አትደውይ እንዳልላት ሱቁን ለማን ልተወው? በዚያ ላይ አንዲት እናት ለአንሶላ የሚሆን ጨርቅ ለኪልኝ ብለው ፊቴ ቆመዋል። መለካት ጀመርኩ። የሐጂ ስልክ ጮኸ።

“አቤት!” አሉ ጋሽ ወልዴ። “ሐጂ ጁምዓ ናቸው። ጎረቤታቸው ነኝ፤ ለእኔ ይንገሩኝ፣ ችግር የለም።” ትንሽ አዳመጡ። “ማን? የሺወርቅ?”

ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ጨርቁ ላይ አቀረቀርኩ። በሆዴ “ተክልዬ፣ ድረስልኝ” እላለሁ፣ እጄ ግን መለካቱን አልተወም።

“ልጄ፣ ደጋግመሽ ለካሽው እኮ” አሉኝ እናትየዋ። “ስትለኪው ያድጋል እንዴ?”

ከወዲያ ማዶ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ።

“አዎ፣ አውቃታለሁ” አሉ ጋሽ ወልዴ። “ታማኝ ናት ወይ? እህቴ፣ ይቺ ልጅ ታማኝነት በዝቶባታል! ይሄ ቀለሙ ይለቃል፣ ይሄ ሲታጠብ ያጥራል እያለች ለገዢ ትናገራለች። ስንት ደንበኛ አስኮብልላብኛለ... አስኮብልላበታለች፣ አሠሪዋን ማለቴ ነው። በሰዓቷ? ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ናት። ጉድለት? አላት እንጂ! ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ቁልፉን ካልነካካች አትሄድም። ማታ ማታ ታስመሽሻለች፤ ኋላ አልነገሩኝም እንዳትይ።”

መቀሱን አንስቼ ጨርቁን ቆረጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

“ቆይ፣ እኔም ልጠይቅ። እሁድ ታሠራላችሁ? ... ቅዳሴ እንዳታስቀሯት። አለቃዋ ማን ነው? ... ይቆጣል? ... እህ፣ እኛ እዚህ እንደ ልጅ ነው የያዝናት። ዝም ብሎ አንስቶ መሄድ የለም!”

እናትየዋ ጨርቃቸውን ተቀብለው ወደ ማዶ አዩ። “ሰውዬው ልጅ ሊድሩ ነው እንዴ?” አሉኝ። “እኔ እንጃ፣ እማማ” አልኳቸው።

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ወልዴ ግን ወደ እኔ አልመጡም። ሐጂ እስኪመለሱ እዚያው ክምሩ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ያ ጊዜ ከስልኩ የባሰ ነበር። ለሰው ሲናገሩ አመስግነውኝ፣ ከእኔ ጋር ሲገናኙ የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ሐጂ መጡ። ሁለቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ፣ ሐጂ አፋቸውን በመዳፋቸው ሲይዙ አየሁ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ተሻገሩ።

“የሺ።”

“አቤት፣ ጋሼ።”

“ለጎረቤት የሚነገር ለእኔ አይነገርም?”

“ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ሰናይትን...” አልጨረስኩትም። እንባዬ ቀደመኝ።

ፊታቸውን አዙረው የጨርቅ ጥቅል ማስተካከል ጀመሩ።

“እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ላይ ‘አላውቃትም’ ብዬ ልዘጋው ነበር። ግን ያለሁት በማን ሱቅ ነው? የሐጂን ብርድ ልብስ የምሸጠው በሐጂ ዋጋ እንጂ በእኔ ዋጋ አይደለም። ስልኩም የእሳቸው ነው። እሳቸው የሚሉትን ማለት ነበረብኝ።” ጥቅሉን ደልደል አድርገው አቆሙት። “እያወራሁ ስሄድ ግን የራሴም ሆነ።”

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል፣ “ተይ፣ ተይ! በራሴ ስልክ ደውለው ቢሆን ኖሮ ታዪ ነበር!” ብለው ጮሁ።

ቀስ ብለው የሚናገሩት ሐጂ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው መንገዱን ተሻግሮ ተሰማ፦ “ወልዴ! ስንት ያዘጋጀሁትን ምስክርነት ብቻህን ጨረስከው! ለእኔ ምን ተረፈኝ?”

“ስልክ የሚጠብቅ ሰው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል!” አሉ ጋሽ ወልዴ፣ በሳቅ።

ሥራውን አገኘሁ። ጋሽ ወልዴ ያስከፈሉኝ ነገር ቢኖር ምትክ ሠራተኛ እስካስተምር መቆየቴን ብቻ ነው፤ ለእሷም ቁልፉን ተመልሳ እንዳትነካ አደራ አሏት። አዲሱ መሥሪያ ቤት ስገባ ኃላፊዋ፣ “ያ ጎረቤታችሁ ጉደኛ ሰው ነው፤ እኔ ስላንቺ ልጠይቅ ደውዬ እኔን ፈትኖኝ ዘጋው” አለችኝ። አሠሪዬ መሆናቸውን ስነግራት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ይኸው ዓመታት አለፉ። አሁን አሁን በሥሬ ከሚሠሩት ልጆች ሥራ የሚፈልጉት፣ “የሺዬ፣ ስልክ ቢደወልልሽ...” እያሉ በጆሮዬ ሹክ ይሉኛል። ጎበዝ ልጅ ስትሄድብኝ ቅር ይለኛል፤ አልዋሽም። ስልኩ ሲጮህ ግን ጋሽ ወልዴ የሰው ብርድ ልብስ ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይታዩኛል። ያኔ የማውቀውን እናገራለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም ብዬ አላውቅም። ጥንቃቄዬም አብሮኝ አለ። ለሰው ቀጠሮ ከመስጠቴ በፊት ግን ቀኑ ዓርብ እንዳይሆን አያለሁ።