«ጭንቀት ነው» የተባለችው ጣይባ

ጣይባ ድሮ ንዴተኛ ሴት አልነበረችም። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ዳር ሽንኩርት ታለማለች። ባሏ ሰዲቅ በሕይወት ሳለ ማሳው ላይ አብረው ይውሉ ነበር፤ እሱ ውሃ ያዞራል፣ እሷ ትኮተኩታለች። ሰዲቅ ሞቶ ሰው ለለቅሶ በተሰበሰበ ጊዜ፣ የአጎቱ ልጅ አብዱረዛቅ መሃል ላይ ቆሞ፣ «ጣይባ ከእንግዲህ እህቴ ናት። እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» አለ። ሰዉም አመሰገነው።

አብዱረዛቅ የቦዩ የውሃ አባት ነው፤ ማን በየትኛው ሰዓት ውሃ እንደሚያገኝ የሚደለድለው እሱ ነው። በሚቀጥለው የመስኖ ወቅት የጣይባን ተራ ከጠዋት ወደ ሌሊት አዛወረው። የጠዋቱን ለራሱ ማሳ ወሰደው። ልትጠይቀው ብትሄድ፣

«አንቺ እኮ ቤት የሚጠብቅሽ ባል የለሽም። ሌሊት ቢሆን ምን ትሆኛለሽ?» አላት። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከጣይባ ራቀ። ሌሊቱን አካፋ ይዛ ቦዩን ካልጠበቀች፣ ከላይ ያለ ገበሬ ሰብሮ ውሃውን ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ውሃው ደርሶላት መደቦቿ ሳይጠጡ የነጋባት ሌሊት ብዙ ነው። ቀን ልተኛ ብትል ደግሞ፣ በዚያ ቆላ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንኳን መተኛት መቀመጥም ጭንቅ ነው። የተናገሯት ቃል እየመጣባት ብቻዋን ታወራለች። በዚያ ወቅት ማጭድ የቆረጣት የእጇ ቁስል አልሽር ብሎ ሲያመረቅዝ ከረመ። እሷ ግን ነገሬ አላለችውም።

አንድ ሰሞን ግራ ጎኗን ያቃጥላት ጀመር። ቀሚሷ ሲነካት ፍም የተጠጋት ያህል ትዘላለች፤ ገልጣ ስታየው ግን ቆዳዋ ደህና ነው። ባጃጅ ይዛ ከተማ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደች። ያገኘችው ወጣት ባለሙያ ስልኩን እያየ ሰማት።

«ምንም የለሽም። ጭንቀት ነው» አላት።

«እና ምን ላድርግ?»

«አትጨነቂ።»

ጣይባ ከክሊኒኩ ወጣች። ከሕመሙ ይልቅ ያቺ አንዲት ቃል አነደደቻት። አትጨነቂ! እሷ መጨነቅ ወድዳ፣ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ነው የሚመስለው!

ሁለት ሦስት ቀን እንዳለፈ ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ከጀርባዋ ተነስተው በግራ ጎኗ ዞረው እስከ ጡቷ ሥር ተሰለፉ። ጀርባዋን ልታጥብላት የመጣችው ጎረቤቷ አሪፋ ደንግጣ ወጣች። ወሬው ሳይውል ሳያድር የአብዱረዛቅ ሚስት ናፊሳ ጆሮ ደረሰ፤ ናፊሳም ገበያ መሃል፣ «ያ በሽታ ነው አሉ። ማን ያውቃል፣ ሰዲቅንም የገደለው እሱ ይሆናል» አለች።

ጣይባ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። ያየቻት ሲስተር ዘውድነሽ ናት፤ የደብረ ሲና ሰው፣ ሙቀቱን ሳትለምደው በቆላው ዓመታት የሠራች ነርስ። ሽፍታውን አይታ ብዙም አልቆየች።

«ይሄ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ እትዬ ጣይባ። ሕመሙ እንደጀመረዎት ምነው ሳይመጡ ቀሩ?»

«መጥቼ ነበር እኮ! ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር! ጭንቀት ነው ብሎ መለሰኝ!» ጣይባ ጮኸች። ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ዞር አሉ።

ዘውድነሽ በሩን ዘጋች። ደሟን መረመረች፤ ስኳርም ኤች አይ ቪም የለባትም። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ልጅ ሆነው ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?»

«አዎ፣ ከወንድሞቼ ጋር።»

«የጉድፉ ቫይረስ ከሰውነትዎ አልወጣም። ነርቭዎ ሥር ገብቶ ተኝቶ ነበር፤ አሁን ተነስቶ ነው አልማዝ ባለጭራ የሆነው። እንዳይነሳ የሚጠብቁት በደምዎ ውስጥ ያሉ የመከላከያ ሕዋሶች ናቸው። አሁን ይንገሩኝ፤ ይተኛሉ?»

ጣይባ ስለ ውሃው፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ሳቁት ሰዎች ሁሉንም ነገረቻት። ዘውድነሽ ፊቷ እየጠቆረ ሰማቻት።

«እንግዲህ ይስሙኝ። ሰው ሲሰጋና ሲናደድ አንጎል ወሬውን በነርቭ ይልካል። ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ሆርሞን ይረጫሉ። ነርቮቹም እስከ ንፍፊትና ጣፊያ፣ ሕዋሶቹ እስካሉበት ድረስ ይዘልቃሉ። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይጠቅማል፤ ሰውነት ይነቃል። ሳያቋርጥ ወራት ሲዘልቅ ግን ያው ሆርሞን ጠባቂዎቹን ያደክማቸዋል፤ ይቀንሳሉ፣ ቶሎ አይደርሱም። ቁስልም አልድን የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ዕድሜም አለበት፣ ሁሉንም በአንድ ነገር አላሳብብም። ግን ጭንቀት ማለት ምንም የለም ማለት አይደለም። ደም ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

ጣይባም፣ «እንግዲያው አብዱረዛቅ የወሰደብኝ ውሃዬን ብቻ አይደለም» አለች።

መድኃኒቷን ይዛ ተመለሰች። ሽፍታው ቅርፊት እንደያዘ፣ የቦዩ ተጠቃሚዎች ውሃው ከወንዙ የሚጠለፍበት ቦታ ተሰብስበው ሳለ ተነስታ ቆመች። ሴት ተነስታ የምትናገርበት ስብሰባ አልነበረም።

«ተራዬ ወደ ጠዋት ይመለስልኝ» አለች።

አብዱረዛቅ ፈገግ አለ። «ተዉአት፣ ታማ ነው። ጭንቀት ነው ብለዋታል።»

«አዎ ጭንቀት ነው! ማን አመጣው? አንተ አይደለህም? በባሌ ለቅሶ ላይ እህቴ ናት ያልክ፣ እንቅልፌን ነጥቀህ ሽንኩርትህን ያጠጣህ! ሰውነቴ ራሱን መጠበቅ እስኪያቅተው ሌሊት ለሌሊት ያቆምከኝ አንተ ነህ!»

ከኋላ አንዱ፣ «ስለ ሌላ በሽታ ነው የሚወራው» ብሎ አጉረመረመ።

«ተመርምሬያለሁ፣ የለብኝም። ቢኖርብኝስ? የታመመ ሰው ውሃ አይገባውም ያለው የትኛው ኪታብ ነው?»

ሸህ ሁሴን፣ ከቦዩ ገበሬዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብዱረዛቅ፣ አንተ ስንት ሌሊት አጠጣህ?»

አብዱረዛቅ መሬት መሬት አየ።

«የሟች ቤት ነው እኮ። አላህ አይወደውም። እኛም አይተን ዝም ብለናል» አሉ ሸህ ሁሴን። «ከዛሬ ጀምሮ ተራ በዕጣ ይሁን። ሌሊቱ ለሁላችንም ይድረስ።»

እንደዚያው ሆነ። አብዱረዛቅ ይቅርታ አልጠየቀም፤ የውሃ አባትነቱንም አልተነጠቀም። ጣይባ የመጀመሪያው ዕጣ ጠዋት ወጣላት፤ የዚያ ወቅት ሽንኩርቷ ግን ግማሹ ቀድሞ ተበላሽቶ ነበር። እንቅልፏ ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ የእጇም ቁስል ደረቀ። ጎኗ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ነርቩ ተጎድቶ ስለነበር ዛሬም ልብስ ሲነካው የሚያቃጥልበት ቀን አለ።

ሰዎች «በይ እንግዲህ ተራሽም ተመለሰልሽ፣ ተዪው፣ ንዴቱ ለጤናሽ ጥሩ አይደለም» ይሏታል። እሷም፣ «ለጤናዬ ካሰባችሁ ያኔ የት ነበራችሁ?» ትላለች። ማሳዋ ላይ ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት አብዱረዛቅ በዚያ ካለፈ፣ ቀና ብላ እስኪያልፍ ድረስ ትኩር ብላ ታየዋለች። ሰላምታውን አትመልስም።