ከኮኪት ወዲያ ያለው ነጭ ካርታ

ነፃ ሶፍትዌር እያደንኩ የምኖር ፕሮግራመር ነኝ። በከተማችን በገንዳ ውሃ ሰው ሁሉ ሰሊጥ ሲነግድ፣ እኔ ኢንተርኔት በመጣ ቁጥር በነፃ የተሰጠ ነገር እለቅማለሁ። ጓደኞቼ የተሰረቀ ፕሮግራም ጭነው ኮምፒውተራቸው በቫይረስ ሲሰቃይ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እላቸዋለሁ። እነሱም ቋጣሪ ይሉኛል።

ካገኘኋቸው ሁሉ የምወደው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ነው። ሰዎች በየአገራቸው መንገዳቸውን እየሣሉ ለሌላው በነፃ ያካፍሉበታል። የሩቅ አገር ከተማ ብትፈልጉ የዳቦ ቤቱ በር ሳይቀር ተሥሏል። ከኮኪት ከተማ ወዲያ፣ አጎቴ እርሻ ላይ ስደርስ ግን ነጭ ባዶ ነው። ተናደድኩ። እኛ ታዲያ የምንኖረው የት ነው?

አጎቴን ባዶው አላሳሰባቸውም። ዛፉ ስለተመነጠረ በእኛ ቆላ መንገድ የሚነገረው እርሻ ዳር በቆመ ማሽን ነው፤ «ቀዩን የውሃ ቦቴ ስታገኝ ወደ ግራ።» ቦቴው ጎማ እንዳለው ማንም ልብ አይልም። አምና አጎቴ መታጠፊያ ላይ ይቆም የነበረው ቦቴ ለጎረቤት ውሃ ሊያደርስ ሄዶ እዚያ ቆመ፤ የአጎቴን ሳሉጎች፣ ማለት ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን ሠራተኞች፣ የጫነው መኪናም እሱን አይቶ እዚያው ታጠፈ። ጎረቤትየው ቶሎ ብለው እንጀራ አቀረቡ። እዚህ አገር ሳሉግ ምሳ የበላበትን እርሻ ሳያጭድ አይወጣም። የአጎቴ ሰሊጥ ቆሞ ረገፈ። የደረሰ ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

ዘንድሮም ከረገፈ አጎቴ እርሻውን ሊለቁት ነው። ስለዚህ ትራክተር ላይ ወጥቼ መንገዱን በስልኬ መዘገብኩ፤ አሮጌው ላፕቶፔ በሙቀቱ እያቃሰተ ካርታው ላይ ሣልኩት። ከዚያም መናኸሪያ ወርጄ ለሠራተኞቹ አለቃ፣ ለአንድ ጎጃሜ፣ ካርታውን ስልኩ ላይ ጫንኩለት።

በሚመጡበት ቀን አጎቴ ከማለዳ ጀምረው መንገድ መንገዱን ያያሉ። እንዳንደውል ኔትወርክ የለም።

«አንተ፣ ይኸ ስልክህ ሰው ያመጣል?»

«ያመጣል ጋሼ» አልኩ። እኔም ከሳቸው ጋር መንገዱን ማየት ጀመርኩ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አቧራ ታየ። አለቃው ከመኪናው ዘሎ ወረደና፣ «ቦቴ የሚሉት አላየንም፤ ስልኩ ግቡ ባለን ገባን» አለ። አጎቴ ሰላምታውን ትተው፣ «እንጀራ! እንጀራ አቅርቡ!» እያሉ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጡ። እኔ ከደስታዬ ዕንባዬ መጣ።

ሠራተኞቹ በልተው ማጭዳቸውን ይዘው ሲሰማሩ፣ አጎቴ ስልኬን ተቀብለው ካርታውን ትክ ብለው አዩት። ከእኛ መንገድ ማዶ አሁንም ነጭ ነው።

«ይኸ ባዶው የማን ነው?»

«የጎረቤትዎ ነው።»

 ይራገማሉ ብዬ ስጠብቅ ሄደው የትራክተሩን ሞተር ራሳቸው አስነሡ።

«ና ውጣ» አሉኝ። «የእሱም ሰሊጥ ደርሷል።»