የወንድ ድምፅ ይዞ የመጣው መልእክት

ከሰቆጣ እስከ ሰሃላ ባለው ሰማይ ላይ እኔን አምልጦ ያለፈ ድምፅ የለም። ከኮምፒውተር ጋር የምትገጠም፣ አውራ ጣት የምታህል የሬዲዮ መቀበያ አለችኝ፤ በእሷ ጉንዳን ሲያስነጥስ እሰማለሁ እያልሁ ስንቱን አስቄአለሁ። ስልክ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ግን፣ ገበያ ውዬ ስመለስ በራሷ ቀድታ የጠበቀችኝ ድምፅ የታመመ በሬ ይመስል ነበር።

ድምፁ የተጠፋፉ ቤተሰቦች መልእክት ከሚልኩበት ጣቢያ የመጣ ነው። ከእኛው ዝቋላ ወረዳ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ወንድ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ከወረዱ ወዲህ ወሬያቸው ጠፍቷል። ቅጂውን ከፈትሁላቸው። ያ ወፍራም ድምፅ የእሳቸውን ቀበሌ ጠርቶ፣ ስሞቹ ሞገዱ ሲቆራረጥ ተውጠው፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ወንድሜን ግን ንዳድ ገደለው፣ እዚሁ ቀበርነው አለ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ቆይተው ፊታቸው ፈታ አለ።

«ተናጋሪው ወንድ ነው» አሉኝ። «የእኔ ወንድ ልጅ አንድ ነው፤ ወንድም የለውም። የሌላ ሰው ሐዘን ነው ልጄ። እግዜር ያጽናቸው።»

ለሟቹ ነፍስ ይማር ብለው፣ እኔንም መርቀው፣ ቀለል ብሏቸው ወጡ።

እኔን የከነከነኝ የድምፁ መበላሸት ብቻ ነበር። አንቴናውን ነቀልሁ፣ ተከልሁ፤ ገመድ ቀየርሁ፤ ተራራውን ሰደብሁ። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ የቅጂውን ርዝመት አየሁ፤ የግማሽ ሰዓቱ ፕሮግራም አርባ አምስት ደቂቃ ሆኗል። ያኔ ገባኝ። መቀበያዋ ድምፁን በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ቦታ ከትፋ ታስቀምጣለች፤ ማጫወቻው በሰከንድ ሠላሳ ሁለት ሺውን ብቻ እያነሳ ያወጣል። ተጎትቶ የወፈረው ለዚህ ነው። ቁጥሩን አስተካከልሁ። ጥርት ያለ የሴት ድምፅ ወጣ።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ ዘመድ አጠገብ ቆሞ ነው። እኔ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ሮጥሁ፤ ከተማው መውጫ ላይ ደረስሁባቸው።

«አባባ፣ አገኘሁት፤ ሴት ናት» ብዬ ከፈትሁላቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እሷ ናት» አሉና መንገዱ ላይ ቁጭ አሉ።

ያን ሳሰማቸው ፈገግ ብዬ ነበር። ከተቀመጡም በኋላ ጎበዝ እስኪሉኝ ቆሜ ጠበቅሁ።