የሳሳው የጎማ ቀለበት

ማክሰኞ ወንድሜና እኔ ማሽኑን ስናጸዳ ዋልን። ደብረ ታቦር ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚያመርት ድርጅት ነበር የምንሠራው። ማሽኑ ቧንቧው ምን ያህል ግፊት እንደሚችል መሞከሪያ ነው። ቧንቧው በሁለቱም ጫፍ በብሎን በሚታሰር የብረት ክዳን ይዘጋል፤ ከዚያ እስኪፈነዳ ድረስ በፓምፕ ውሃ ይገፋበታል። በክዳኑና በቧንቧው መካከል የጎማ ቀለበት ይገባል። እሱ ካልያዘ ውሃ ያፈስሳል።

አዲስ ቀለበት አልጠፋም። ኃላፊው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ነበር። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ አውጥቶ ያስገጥመዋል፤ ሲሄዱ አስፈትቶ መልሶ ይቆልፍበታል። እኛ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ እየቆረጥን ነበር የምንሠራው።

የዚያን ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አንድ ጎኑ ሳሳ።

«ይኸን በጥርስህ ነው የቆረጥከው?» አለኝ ወንድሜ። «አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ክብ መቁረጥ ያቅተዋል?»

ሌላ ቁረጥ አለኝ። እሺ አልኩ። ስድቡ አናዶኝ ነበር። እሱ ብሎኖቹን ግራሶ ሲቀባ ቆየሁና ያንኑ ቀለበት ገልብጬ ሰጠሁት።

«አሁን ሰው ሆንክ» አለኝና ገጠመው።

ረቡዕ ጧት ወደ እብናት የሚሄድ ቧንቧ ለሙከራ ማሽኑ ላይ ጫንን። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣልን። ለመቆጠብ ብለን ቧንቧውን ሙሉ አንሞላውም፤ አየር ውስጡ ይቀራል። ግፊቱ ሲጨምር በሳሳው በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ግፊቱን አውርዶ ክዳኑን መፍታት ነበር ደንቡ። ግን ከተፈታ ውሃው መሬት ላይ ይቀራል፤ ኃላፊው ደግሞ ይሰድበናል። ስለዚህ ሁላችንም ብሎኑን ግፊቱ እንዳለ ነበር የምናጠብቀው። ወንድሜ መፍቻውን ይዞ ጎንበስ አለ።

ብሎኑ ተበጠሰ። የታመቀው አየር ያስፈነጠረው ክዳን ደረቱን መታው።

ሐኪም ቤት አልደረሰም።

የዚያኑ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ተቀበረ። ኃላፊው አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝና «አይዞህ፣ ማሽኑ ደህና ነው» አለኝ። እናቴ የቀረባትን ሰው ሁሉ፣ ልጄን ምን አገኘው፣ እያለች ትጠይቅ ነበር። እኔ ከሷ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

ሐሙስ ጧት ፖሊስ ሥራ ቦታ አስጠራኝ። ስደርስ ቁም ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኃላፊው አዲሶቹን ቀለበቶች ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸዋል።

«ዕቃው ይኸው እጃቸው ላይ ነበር» ይላል። «ምን ላድርግ፣ አይሰሙም።»

ፖሊሱ የሳሳውን ቀለበት በሁለት ጣቱ አንሥቶ አሳየኝ።

«ይኸን ማን ነው የቆረጠው?»

ቁም ሣጥኑ ይቆለፍ እንደነበር ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሱን ካወጣሁ ግን የእኔም ይወጣል።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

«አንተ አላየህም?»

«አይቻለሁ። ይቅርብህ ብዬው ነበር።»

ጽፎ አነበበልኝ። ፈረምኩ።

ቤት ስመለስ እናቴ ድንኳኑ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ምን አሉህ ልጄ?»

«የራሱ ጥፋት ነው አሉ» አልኳት።