ቀዩ ማቆሚያ ላይ የቆሙት ባባ ዱሚሳኒ

ዓርብ የጾም ጸሎት ላይ ነበርኩ። ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ዝም አልኩት። ስወጣ ሳየው የደወለው አሠሪዬ ኮቡስ ነው፤ መልሼ ደወልኩለት።

"አስቴር፣ ዱሚሳኒ አረፈ" አለኝ።

"የት?"

"እዚሁ፣ ቶርኖው አጠገብ። ልቡ ነው።"

ቶርኖውን፣ ያን የብረት መቅረጫ ማሽን፣ አውቀዋለሁ። ሞተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ልናስነሳው የነበረው ሰኞ፣ እኔ ስመለስ ነው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከባለቤቴ ሱቅ ነው። አገር ቤት ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ መጥቼ ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ካርድ፣ ስሸጥ ቆየሁ። ጀርሚስተን ያለ ወርክሾፕ ሽቦ የሚያስር ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ኮቡስ ስክሪኑ የሞተ አሮጌ ሲኤንሲ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቶርኖ አሳየኝ።

"ብረቱ ገና ጎረምሳ ነው፤ ያረጀው ጭንቅላቱ ነው" አለ።

የሠራው ፋብሪካ ለእንዲህ ያለው ማሽን መለዋወጫ ካርድ ማምረት ትቷል። እኛ ብረቱንና ሞተሮቹን እናስቀራለን። የድሮውን መቆጣጠሪያ አውጥተን ተራ ኮምፒውተር እናስገባና ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያርመው የሚችል ነጻ ሶፍትዌር እንጭናለን።

መቁረጫ ይዤ ወደ ሽቦዎቹ ስጠጋ ባባ ዱሚሳኒ አስቆሙኝ። ቶርኖ ላይ የሸበቱ፣ ቶኮዛ ከሚባለው ሰፈር የመጡ ሰው ናቸው፤ እኔን "ሲሲ"፣ እህቴ፣ ይሉኛል።

"ሲሲ፣ መጀመሪያ ስም ስጪው፤ ከዚያ ትቆርጪዋለሽ።"

ያን ቀን በየሽቦው ላይ ስሙ የተጻፈበት ምልክት ስናስር ዋልን።

ከሥራው ሁሉ የሚያስፈራው ሞተሩ በአዲሱ መቆጣጠሪያ መጀመሪያ የሚነሳበት ቅጽበት ነው። ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ኤንኮደር ሽቦው ተገላብጦ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ "ተመለስ" ባለው ቁጥር ሞተሩ ይብስ ይሸሻል። ከባዱን ብረት ይዞ ጥግ እስኪመታ ይሮጣል። ቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ኪቦርዱ ላይ፣ አንድ ሰው ሞተሩን ባንዴ የሚያቆመው ቀዩ ማቆሚያ ላይ ይቆማል። ኪቦርዱ የእኔ፣ ቀዩ የባባ ነበር።

ሁልጊዜ አስቀድሜ እጸልያለሁ።

"ሲሲ፣ አሳጥሪው! አሜን ሳትዪ መብራት ይጠፋል" ይሉኛል።

"ባባ፣ መብራቱም በእሱ እጅ ነው።"

"እንግዲያው ስለሱም ጨምሪበት።"

ከዚያ በዙሉ እጠይቃቸዋለሁ፦ "ኡኮና?" አሉ ወይ? "ንጊኮና" ይላሉ፤ አለሁ። ይህን ሳልሰማ የኪቦርዱን ቁልፍ ነክቼ አላውቅም። አንዴ ኮቡስ ደንበኛ አቁሞ ጮኸብኝ፦

"አስነሽው እንጂ! እያየሽው አይደል?"

"አያቸዋለሁ፤ አልሰማኋቸውም" አልኩት።

ባባን ሳል ይዟቸው ነበር። እስኪለቃቸው ጠበቅን።

የዓርቡ ማሽን ባለቤቶች የአገሬ ልጆች ናቸው፤ ከሱቅ ወደ ብረት ሥራ የተሻገሩ። ኮቡስ እንደነገረኝ ሰኞን መጠበቅ አልቻሉም። ከእነሱ አንዱ ኪቦርዱ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ሸሸ፣ ወዲያው ቆመ። ባባ ወድቀዋል፤ ቀዩ ተጭኗል። ኮቡስ ውጭ ስልክ ላይ ስለነበር ከዚህ በላይ አያውቅም።

ለቅሶ ቶኮዛ ሄድኩ። ባለቤታቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ በመጨረሻ ምን አለ?"

 ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

ለዚህ ሙያ ወጣቶች የምለው አጭር ነው። "አለሁ" የሚል ድምፅ ሳትሰሙ ሞተር አታስነሱ። ማየት አይበቃም።

ያን ዓርብ እዚያ ለነበራችሁ ወንድሞቼ፣ ለምን ቸኮላችሁ አልላችሁም። አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ባባን ጠይቃችኋቸው ነበር? "አለሁ" ብለው መልሰው ከሆነ የመጨረሻ ቃላቸው እሱ ነውና ቶኮዛ ሂዱና ለባለቤታቸው ንገሯቸው። ካልጠየቃችኋቸው ለእኔ ንገሩኝ፤ እኔ እሄዳለሁ።